መራጭ የሌለው ጉዳይ፦ የስደተኞችን ፖሊሲ ከምክር ቤት የሥራ ሕይወት ጋር አያይዞ ስለ ማጥናት

በድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ስደተኞች የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች በአወቃቀራቸው ይመሳሰላሉ። መጀመሪያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አንቀጾች ይዘረዘራሉ፤ ቀጥሎ በአንድ መጠለያ ጣቢያ የተሰበሰበ የመጠይቅ መረጃ ይቀርባል፤ በመጨረሻም በሕጉና በአፈጻጸሙ መካከል ሰፊ ክፍተት እንዳለ ይደመደማል። ክፍተቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በአዋጁና በጣቢያው መካከል አጥኚዎች እምብዛም የማይገቡበት አንድ ተቋም አለ፤ እርሱም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፦ የስደተኞች ፖሊሲ ለምን ወረቀት ላይ እንደሚቀር ለመረዳት የምክር ቤት አባላት ዓመቱን እንዴት እንደሚሠሩ፣ ማንን እንደሚሰሙና የማንን ጥያቄ ይዘው እንደሚነሡ ማጥናት ያስፈልጋል። ለዚህ ጥናት ደግሞ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አካባቢ የተሻለ መነሻ የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ቃል ኪዳኑ ቀደመ፣ ክርክሩ ተከተለ

ኢትዮጵያ የ1951ዱን (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት በ1962 ዓ.ም. ስትቀበል በሥራና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት መብቶች ላይ ተዐቅቦ አድርጋ ነበር። የመጀመሪያው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 409/1996ም የሥራ መብትን በውጭ ዜጎች ላይ በተጣሉት ገደቦች ውስጥ አስቀመጠው። ለውጡ የመጣው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ በተካሄደው የመሪዎች ጉባኤ ነው። በዚያ ጉባኤ መንግሥት ዘጠኝ ቃል ኪዳኖችን ገባ። ከእነዚህም መካከል ከስደተኞቹ 10 በመቶ ያህሉ ከጣቢያ ውጭ እንዲኖሩ መፍቀድ፣ 10,000 ሄክታር የመስኖ መሬት ለስደተኞችና ለተቀባዩ ማኅበረሰብ ማዘጋጀት፣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚፈጠረው ሥራ ከፊሉን ለስደተኞች መመደብ ይገኙበታል።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በምክር ቤቱ የጸደቀው ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሐሙስ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ሕጉ በአፍሪካ ለስደተኞች ሰፊ መብት ከሚሰጡት አንዱ ሆኖ ተወድሷል፤ ውዳሴውም የሚገባው ነው። ሆኖም የቅደም ተከተሉን ነገር አጥኚ በቸልታ ሊያልፈው አይገባም። ቃል ኪዳኑን አስፈጻሚው በዓለም መድረክ ከገባ በኋላ ለሕዝብ ተወካዮች የቀረው ጥያቄ «ይህን እንፈልጋለን ወይ?» የሚል ሳይሆን «የተገባውን ቃል እንዴት እንጽፈዋለን?» የሚል ነበር። በተጨማሪም በዚያ የሥራ ዘመን 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋር ድርጅቶቹ የተያዙ ስለነበሩ በአዳራሹ ውስጥ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አልነበረም። እንዲህ ባለ ምክር ቤት የድምፅ ቆጠራ ብቻውን የሚነግረን ጥቂት ነው። የሐሳብ ልዩነት ካለ የሚገኘው በቋሚ ኮሚቴው ውይይት፣ በአስረጂ መድረኩ፣ በአንድ ክልል ተወካዮች የእርስ በርስ ምክክርና ከስብሰባ በፊት በሚደረጉ ንግግሮች ውስጥ ነው። አጥኚው ወደ እነዚህ ካልገባ ምክር ቤቱ ዝም ብሎ እጅ የሚያወጣ ጉባኤ ብቻ መስሎ ይታየዋል።

ሦስት መቀመጫ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሦስት ነገሮች ነው፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ይኸው አንቀጽ አባሉ የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደሆነ ቢደነግግም፣ መራጩ አመኔታ ካጣበት ሊያነሣው እንደሚችልም ይደነግጋል። ስለዚህ በተግባር አባሉን ወደ መቀመጫው የሚያመጣውም የሚያስነሣውም የምርጫ ክልሉ ነዋሪ ነው። ስደተኛው ግን ድምፅ የለውም። ከሦስቱ ተገዥነቶች እርሱን የሚደርሱት ሁለቱ፣ ሕገ መንግሥቱና ኅሊና፣ ብቻ ናቸው።

የጋምቤላ ክልል ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307,096 ነበር። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ካመጣው ፍልሰት በኋላ በክልሉ የተጠለሉት ስደተኞች ቁጥር ከ300,000 አልፏል። የነዋሪው ቁጥር ከቆጠራው ወዲህ ማደጉ ባይካድም ንጽጽሩ ከባድ ነው። ይህ ክልል በ547 መቀመጫዎች ምክር ቤት ውስጥ ያለው ድርሻ 3 ነው። የመቀመጫው ብዛት በሕግ የተወሰነው ለዜጎች ውክልና ስለሆነ ስሕተት አለው ለማለት አይደለም። ነገር ግን በውኃ ጉድጓድ፣ በማገዶ፣ በጤና ጣቢያ፣ በገበያ ዋጋና በጸጥታ ላይ የሚያርፈው ጫና የሁለት ሕዝብ ያህል ሲሆን፣ ያንን ጫና ወደ አዳራሹ የሚያደርሰው አንደበት ግን የሦስት ሰው ብቻ ነው።

የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች

ችግሩ በጋምቤላ ወሰን አያበቃም። ዲማ በአስተዳደር የጋምቤላ ክልል አኙዋ ዞን ወረዳ ነው። ከኢታንግና ከፉኝዶ ጋር በ1970ዎቹ ማብቂያ የሱዳን ስደተኞችን ካስጠለሉት ሥፍራዎች አንዱ ዲማ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ስደተኞቹ ጣቢያዎቹን ጥለው ወደ ሱዳን ተመለሱ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በዚያው ወረዳ የኦኩጎ ጣቢያ ሌሎችን ተቀበለ። ወደ ዲማ የሚወስደው መንገድ የሚነሣው ግን ከሚዛን ተፈሪ ነው። ጭነት መኪናው፣ ነጋዴውና የረድኤት ሠራተኛው በዚህች ከተማ ያልፋሉ።

እንግዲህ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች በሁለት ክልሎች፣ በተለያዩ የምርጫ ክልሎችና በተለያዩ ተወካዮች ሥር ይገኛሉ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ሲመሠረት ሚዛን አማን፣ ቴፒ፣ ቦንጋና ተርጫ የአዲሱን ክልል መቀመጫነት ተጋሩ። ለአካባቢው ሕዝብ አስተዳደሩ ቀርቦታል። የዲማ ጉዳይ ግን ለአዲሱ ክልል የጎረቤት ጉዳይ እንደሆነ ቀጠለ። የሚዛን ተወካይ «ጣቢያው በእኔ ክልል አይደለም» ቢል እውነቱን ነው። የጋምቤላ ተወካይም «መንገዱና ገበያው በእኔ ሥር አይደሉም» ቢል እውነቱን ነው። ሁለት እውነቶች ተደምረው አንድ ዝምታ ይፈጥራሉ። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንም ጥናታቸውን በአንድ ክልል ወሰን ስለሚያጥሩ ያንኑ ዝምታ ይደግሙታል።

የቡና ወቅትና የምክር ቤት ወቅት

ከሁሉ በላይ ትኩረት የተነፈገው የጊዜ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል፤ በመካከሉ የአንድ ወር እረፍት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አባሉ ረዘም ላለ ጊዜ ወደ ምርጫ ክልሉ የሚመለሰው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ሳምንታት ነው።

የቡናው ምድር ዓመት ግን ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ፣ የጭቃና የተቆራረጠ መንገድ ወራት ናቸው። ቀዩ ቡና በርትቶ የሚለቀመው ከመስከረም ወዲህ ነው። በቤበቃና በቴፒ ሰፋፊ እርሻዎችም ሆነ በአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ የለቃሚ ፍለጋ የሚበረታው፣ ዋጋና የቀን ክፍያ የሚያከራክረው፣ ከሌላ ዞን የመጣ የቀን ሠራተኛ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ተወካዩ አዲስ አበባ ገብቶ የመክፈቻውን ንግግር ሲያዳምጥ ስለ ሥራ መብት ሊሰማው የሚገባው ክርክር በቡናው ሥር እየተካሄደ ነው። ሲመለስ ደግሞ እርሻው ጸጥ ብሏል።

ይህ ከስደተኞች አዋጅ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አዋጁ ለስደተኛ የሥራ መብት የሰጠው ለውጭ ዜጎች ከሚደረገው የተሻለ አያያዝ ጋር በሚመጣጠን ደረጃ ነው፤ መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በጋራ በሚነድፏቸው፣ ስደተኛውንም ተቀባዩንም በሚጠቅሙ ፕሮጀክቶች ውስጥ ደግሞ እንደ ኢትዮጵያዊ ይታያል። እንግዲህ ከኦኩጎ ጣቢያ የመጣ አንድ ሰው በሚዛን አቅራቢያ ባለ የቡና እርሻ ለሦስት ወር ለቀማ ሊቀጠር ይችላል? ፈቃዱን ማን ይሰጠዋል? ከክልል ክልል ለመሻገር ምን ወረቀት ያስፈልገዋል? ክፍያው ቢጓደልበት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል? መልሶቹ ያሉት በአስፈጻሚው መመሪያዎች ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ እነዚህን መልሶች የሚደርስባቸው በክትትልና ቁጥጥር ሥራው ብቻ ነው፤ ክትትሉ ደግሞ ጥያቄው በሚፈላበት ወቅት በቦታው ካልተገኘ ከሪፖርት ንባብ አያልፍም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ምክር ቤት የዜጎች ነው፤ የስደተኛው ጉዳይ የአስፈጻሚውና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ሕገ መንግሥቱን ግማሽ ያህሉን ብቻ ያነብባል። አንቀጽ 41 በኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ የመሰማራትን መብት ለኢትዮጵያዊ የሰጠ ቢሆንም፣ አንቀጽ 32 የመዘዋወርንና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥን ነጻነት በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ለሚገኝ የውጭ ዜጋም ሰጥቷል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። ከዚህም ሌላ የዲማ ገበሬና የሚዛን ነጋዴ ዜጎች ናቸው፤ የስደተኛው ጉዳይ በደንብ ካልተመራ መጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። ሥራ የሌለው የአካባቢው ወጣት የለቀማ ክፍያ ይወርድብኛል ብሎ ቢሰጋ ሥጋቱ በጥላቻ መፈረጅ የለበትም፤ ቀርቦ ሊሰማና ሊመረመር የሚገባው ሕጋዊ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ምክር ቤቱ ተጽዕኖው አነስተኛ ስለሆነ ማጥናቱ ምን ይፈይዳል?» ይላል። አነስተኛ ከሆነ ለምን አነስተኛ እንደሆነ ማወቅ ራሱ የምርምር ጥያቄ ነው። የእንግሊዟ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኤማ ክሩ የአገሯን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት የዕለት ተዕለት ሥራ ቀርባ አጥንታ በ2015 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አሳትማለች። በዚያ አገር አባላቱ በምርጫ ክልላቸው በተወሰነ ቀን ባለጉዳይ ይቀበላሉ፤ በብዙ የከተማ ምርጫ ክልሎች ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ብዙዎቹ የስደትና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዮች ናቸው። ባለጉዳዩ ድምፅ ባይኖረውም እንኳ ጉዳዩ በተወካዩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ያንን ልማድ እንዳለ እንቅዳ ማለት አይደለም። ነገር ግን ድምፅ የሌለው ሰው ጉዳይ ወደ ምክር ቤት የሚገባበት በር ሕግ ሳይለወጥም በሥራ ልማድ ሊከፈት እንደሚችል ያሳየናል።

ምን እናጥና?

ከዚህ በመነሣት ለባልንጀሮቼ ተመራማሪዎች አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአዋጁን አንቀጾች ብቻ ሳይሆን የረቂቁን ማብራሪያ፣ የቋሚ ኮሚቴውን የውሳኔ ሐሳብና ቃለ ጉባኤውን አብረን እናንብብ። ሁለተኛ፣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች ከመውጣታቸው በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርቡ በመደንገጉ፣ የስደተኞችን ሥራና እንቅስቃሴ የሚመለከቱ መመሪያዎች በዚህ በር አልፈው እንደሆነና ከተቀባዩ ማኅበረሰብ ማን እንደተሰማ እንመርምር። ሦስተኛ፣ ሚዛንንና ዲማን፣ ቴፒንና ጎረቤቱን የማጃንግ ዞን እንደ አንድ የጥናት ሥፍራ እንያዝ፤ የክልል ወሰን ለአስተዳደር እንጂ ለጥያቄ አጥር አይደለምና። አራተኛ፣ አንድን ተወካይ ፈቃዱን አግኝተን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ዓመቱን ሙሉ እንከተለው፤ ማን ደወለለት? የማንን ጥያቄ ወደ ኮሚቴ ወሰደ? የቱን ተወው?

ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደ ጣቢያ የሚገባው በአስተዳዳሪው አካል ፈቃድ በመሆኑ ጣቢያውን በአስተዳዳሪው ዓይን የማየት አደጋ አለ፤ በተወካይ ጎን የሚቆም አጥኚም የተወካዩ ቃል አቀባይ ሊሆን ይችላል። ስደተኛው መጠይቁን ሲሞላ ከእኛ እርዳታ እንደማይመጣ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

በመጨረሻም ለምክር ቤቱ አንድ ሐሳብ፦ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ቋሚ ኮሚቴዎች የደቡብ ምዕራብና የጋምቤላ ተወካዮችን በአንድነት ይዘው በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ቡናው በሚለቀምበት ወቅት፣ በሚዛንና በዲማ አንድ የጋራ የመስክ ምልከታ ቢያደርጉ አዲስ ሕግ አያስፈልጋቸውም። ለዚህ የሚጠይቀው የጥቂት ቀናት ጉዞ ነው። እኛም በበኩላችን ያን ጊዜ በቦታው ተገኝተን ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተመለሰ ልንመዘግብ ዝግጁ ልንሆን ይገባል።