«መሥራት ይችላል» ሲባል የትኛውን ሥራ?

ጡረታ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ባንክ በር ላይ ደብተር ይዘው የተሰለፉ አባት ናቸው። በጡረታ ሕጋችን ውስጥ ግን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅም አለ። ጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ ልጅ። የእሱ ቀሪ ዕድሜ በአንዲት ጥያቄ ነው የሚወሰነው፦ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?

አዋጅ ቁጥር 714/2003 «የመንግሥት ሠራተኛ» ሲል የመከላከያና የፖሊስ አባላትንም ይጨምራል። በ2014 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1267 ቢተካውም አካሄዱ ያው ነው። በሥራ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት ደርሶበት ለዘለቄታው የመሥራት ችሎታውን ያጣ ሰው ዕድሜ ልኩን የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል። በ714 ስሌት መጠኑ ከመጎዳቱ በፊት ይከፈለው የነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ ነበር። ያን ያህል ተጎድቶ «መሥራት ይችላል» የተባለ ደግሞ አንዴ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል፤ 47 በመቶው በ60 ይባዛል፣ ከዚያም በጉዳቱ መቶኛ።

እስቲ እናስላው። ደመወዙ 3,000 ብር የነበረ፣ ጉዳቱ 40 በመቶ የተባለ ወታደር እንውሰድ። መሥራት አይችልም ከተባለ በየወሩ 1,410 ብር፣ እስኪሞት። ይችላል ከተባለ 33,840 ብር ተቀብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ የ24 ወር አበል ነው። ሁለት ዓመት! ከዚያ በኋላስ? በእርግጥ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የጤና ጉድለት ጡረታ የሚባል ሌላ በር አለው። የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ ግን አሥር ዓመት አገልግሎት ከየት ያመጣል?

ስለዚህ «ይችላል» የምትለው ቃል በጣም ውድ ቃል ናት። ታዲያ የትኛውን ሥራ ነው የሚችለው? የሕክምና ቦርድ የሚያየው አካልን ነው። እግር ይለካል፣ ክንድ ይለካል፣ መቶኛ ይጽፋል። ከጉልበቱ በታች እግሩን ያጣ ሰው ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ መዝገብ መያዝ ይችላል፤ ይህን ማንም አይክድም። ፎገራ ላይ ግን ሥራ ማለት ሌላ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲተኛበት፣ ሩዝ የሚታረመው ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጅ ነው። በክራንች ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚያርም ሰው እኔ አላየሁም፤ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ወረታ ውስጥ የማውቃቸው አንድ የሰፈር ሰው አሉ፤ በኤርትራ ጦርነት (1990–1992 ዓ.ም) የቆሰሉ። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ግማሹን ይቀበላሉ፣ በትርፍ ሰዓታቸው ማስቲካና ሶፍት ይሸጣሉ። አንድ ባለሥልጣን ቢመጣ «ይኸው እየሠሩ አይደል እንዴ!» ሊል ይችላል። እኔ ደግሞ ይህ ሥራ ሳይሆን ሥራ ማጣት ነው እላለሁ።

አሜሪካኖች ጋ ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። እነሱም ለቆሰለ ወታደር መቶኛ ይሰጣሉ። ነገር ግን አንዱ ጉዳቱ 60 በመቶ የደረሰ፣ ወይም አንዱ 40 ሆኖ በድምሩ 70 የሞላለት ሰው በጉዳቱ የተነሳ የሚያኖረውን ሥራ መያዝ ካልቻለ፣ እንደ 100 በመቶ ተጎጂ ተቆጥሮ ይከፈለዋል። ሲወስኑም ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበርና እስከ ስንት እንደተማረ ይጠይቃሉ። ከድህነት ወለል በታች የምትገኝ ጥቃቅን ገቢ እንደ ሥራ አትቆጠርበትም። እነሱ ገንዘብ ስላላቸው ነው ትሉኝ ይሆናል። መጠኑን እንቅዳ አላልኩም። ጥያቄውን ለመጠየቅ ግን ምን ያህል ብር ይፈጃል?

«ሁሉም የተጫረ ሁሉ ጡረታ ካለ ቋቱ ይራቆታል» የሚል ክርክር አለ፤ ክፍል ውስጥም ሰምቼዋለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም በ714 ለሲቪል ሠራተኛ መንግሥት የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲሆን ለወታደርና ለፖሊስ 25 በመቶ ነበር። ልዩነቱ የተቀመጠው የወታደር ነገር ከሲቪሉ እንደማይመሳሰል ስለታወቀ ይመስለኛል። ታዲያ መዋጮው ላይ የታወቀው ልዩነት፣ ሰውየው ቆስሎ ሲመጣ ለምን ይረሳል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጨርሶ ጥያቄው እንኳ የማይነሳለት ሰው ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም የክልሉ መንግሥት የክተት ጥሪ ሲያቀርብ ከየቀበሌው ገበሬው ሚሊሻ ሆኖ ወጥቷል። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነበር፤ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ እዚያ ያደርሳል። ሚሊሻው ወር ጠብቆ የሚከፈለው ደመወዝ የለውም፣ የጡረታ መዋጮም አይቆረጥበትም። የባዶ 47 በመቶ ስንት ነው? ከአጠገቡ ተሰልፎ በዚያው ጥይት የተመታው የመከላከያ አባል ቢያንስ ቦርድ ፊት ይቀርባል። ገበሬው ግን ከሆስፒታል ሲወጣ የሚጠብቀው ዘመድ ነው፣ ዕድር ነው፣ ካልሆነም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው።

በእኔ እምነት ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ የሕክምና ቦርድ ቅጽ ላይ «ከውትድርና በፊት ምን ይሠራ ነበር፣ ምን ያህል ተምሯል፣ የሚመለሰውስ ወዴት ነው» የሚሉ መስመሮች ይጨመሩ፤ መልሱም ከመቶኛው እኩል ይመዘን። ሁለተኛ፣ በመንግሥት ጥሪ ተሰልፎ ለቆሰለ ሚሊሻ ደመወዙን ሳይሆን ጉዳቱን መነሻ ያደረገ፣ ቁርጥ ያለ የወር አበል በሕግ ይወሰንለት። የእኛ ክፍል ተማሪዎችም ለተግባር ልምምድ ዘገባ ርዕስ ስንፈልግ የጎዳና ንግድና የታክሲ ወረፋ ብቻ አናሳድድ። የቆሰሉት ሰዎች ወረታ ገበያ ላይ አሉ፤ ስንቱ ቦርድ ፊት እንደቀረበ፣ ስንቱስ ምን ተብሎ እንደተመለሰ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።