ከጓሯችን፦ ቲማቲም በላስቲክ ቤት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ጎመን ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ ቲማቲም እንነጋገራለን። የምንነጋገረው ግን በጓሮ በሚሠራ የላስቲክ ቤት ውስጥ ስለሚበቅለው ቲማቲም ነው። የላስቲክ ቤት ማለት በእንጨት የቆመ፣ ጣሪያው ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ የተሸፈነ የተክል ቤት ነው። የግብርና ሠራተኞች ግሪን ሃውስ ይሉታል። እኛ ላስቲክ ቤት እንለዋለን።

በነሐሴ ገበያ ወጥታችሁ ቲማቲም ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በበጋ ግዙን ግዙን እየተባለ የሚለመንበት ቲማቲም በክረምት ይጠፋል። የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ለምን ይመስላችኋል? በዝናብ ወራት ሜዳ ላይ የተተከለውን ቲማቲም በሽታ ስለሚጨርሰው ነው። ታዲያ በክረምት ቲማቲም ማብቀል የቻለ ሰው ገበያው የእሱ ነው። እኛም ይህን አስበን ተነሣን። ተነሣንና ወደቅን። አወዳደቃችንን ብንነግራችሁ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

ይህን ዓምድ የምንጽፈው ሰዎች በማታ የንባብ ትምህርት የተገናኘን 9 ቤተሰቦች ነን። የምንኖረው ወይና ደጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከየቤታችን ገንዘብ አዋጥተን ላስቲክ ገዛን። አንዳንዱ ከእህሉ ሸጠ። አንዲት እናታችን ግን የሚሸጥ እህል አልነበራቸውም። እንቁላል የሚጥሉ 3 ዶሮዎቻቸውን ሸጠው አዋጡ። ይህን አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቤቱን ሠራን። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር። 60 ችግኝ ተከልንበት። ስህተታችን ምን ነበር? ቤት ሲባል የሰው ቤት መሰለን። አራቱንም ጎን በላስቲክ ሸፈንነው። በር ሠርተን ዘጋነው። ቲማቲም ብርድ አይወድም ሲባል ሰምተን ነበርና ሙቀቱ እንዳይወጣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንን። በቀትር ስንገባ ላብ ያጠምቀናል። በማለዳ ስንገባ ደግሞ ከላስቲኩ ውስጥ በኩል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጥሩ ነው አልን። ተክሉ ጠጣ አልን!

በሐምሌ ቅጠሉ ላይ የፈላ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ቡናማ ነጥብ ወጣ። ጧት ጧት ቅጠሉን ገልብጠን ስናየው ከሥሩ ነጭ አመዳይ የመሰለ ነገር አለ። በሳምንቱ ግንዱም ጠቆረ። ያልታመመው ተክል ደግሞ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ረገፈ። ከ60 ተክል የለቀምነው አንድ ቅርጫት አይሞላም። እናታችን መጥተው አዩና፣ «ዶሮዎቼ እንቁላል ይጥሉልኝ ነበር። እናንተ ደግሞ ላስቲክ ገዛችሁልኝ» አሉን። ምን እንመልስ?

ምክንያቱን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ይህ በሽታ ድንችንም የሚያጠቃ ነው። ቲማቲምና ድንች ዘመዳሞች ናቸው። በርበሬና እምቧይም እንደዚሁ። በ1845 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ አገር ድንችን ያጠፋውና ከዚያ በኋላ ብዙ ሕዝብ በረሃብ እንዲያልቅ ያደረገው በሽታ ይኸው ነው። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ነገር ነው። ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ ይወስደዋል። ቅጠል ላይ ሲያርፍ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካገኘው ይበቅላል። ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ ግን መብቀል አይችልም።

አያችሁ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ክረምት የላስቲክ ጣሪያ ዋና ሥራው ማሞቅ አይደለም። ዋና ሥራው ቅጠሉ እንዳይረጥብ ማድረግ ነው። እኛ ግን ቤቱን ስንዘጋው ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጣ። ሌሊት ላስቲኩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተመልሶ ወረደ። የውጭውን ዝናብ ከልክለን የውስጥ ዝናብ ሠራን ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጎኖቹን አነሣናቸው። ጣሪያ ብቻ ቀረ። በጎን በኩል ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ዝናብ በነፋስ የሚገፋበትን አንዱን ጎን ብቻ እንደ መጋረጃ የሚጠቀለል ላስቲክ አደረግንበት። ነፋስ ያለው ዝናብ ሲመጣ እናወርደዋለን፣ ሲያባራ እንጠቀልለዋለን። ደጋ የምትኖሩ ግን ለሌሊቱ ብርድ በሁሉም ጎን መጋረጃ ያስፈልጋችኋል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች እየቀዘቀዘ ከሄደ አበባው ፍሬ አይቋጥርም። ማታ አውርዱት፤ ጧት ፀሐይ እንደወጣች ቶሎ ግለጡት። ቶሎ ነው ያልነው!

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከባሕር ዛፍ አጣና ወይም ከቀርከሃ ይሠራል። መሐሉ ከፍ ይበል፤ ውሃው ወደ ሁለት ጎን እንዲወርድ ነው። ጣሪያው ከቋሚዎቹ ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ያህል ይለፍ። የእንጨቱን ስለት አለስልሱ፤ አለበለዚያ ላስቲኩን ይቀደዋል። ዛፍ ጥላ ሥር አትሥሩት። ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ። ላስቲክ ስትገዙ ለተክል ቤት ተብሎ የተሠራውን ጠይቁ። ተራው ላስቲክ ፀሐይ ይጨርሰዋል፤ ገና ክረምቱ ሳይወጣ ይሰነጣጠቃል።

አሁን ወደ ዘሩ። እዚህም ላይ ተሞኝተናል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጀመሪያ ላይ ዘር ገዝተን መደብ ላይ ዘራን። የቲማቲም ዘር ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ መብቀል አለበት። 10 ቀን ጠበቅን። 15 ቀን ጠበቅን። እዚህም እዚያም ብቅ ያሉት ከ10 አይበልጡም። ወፍ በላው ያለ አለ። ዓይን ነው ያለም አለ። በመጨረሻ ፓኬቱን አውጥተን አየነው። እስከ 2022 ድረስ ያገለግላል ይላል። ታዲያ ገና 5 ዓመት ይቀረው የለም እንዴ? አብራን የምትማር አንዲት ልጅ ሳቀች። «ይህ እኮ የፈረንጅ ዓመት ነው» አለችን።

ነገሩን በወረቀት ላይ አሰላነው። እናንተም ከእኛ ጋር አስሉት። የፈረንጆች ዓመት ከእኛ ዓመት ይቀድማል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ በ7 ይቀድማል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ይቀድማል። እኛ ያለነው ግንቦት 2017 ላይ ነበር። 2017 ላይ 8 ስንደምር 2025 ይሆናል። ዘሩ ያገለግል የነበረው እስከ 2022 ነው። እንግዲህ ጊዜው ካለፈ 3 ዓመት ሆኖታል። ቁጥሩን አንብበነዋል፤ ግን አላወቅነውም። በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የተቀመጠ የቲማቲም ዘር ጥቂት ዓመት ይቆያል። በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ግን አይታመንም። ሌላ ዘር ገዝተን ግንቦት 18 ቀን እንደገና ዘራን። ከ2 ሳምንት በላይ አለፈን። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ያሰብነው በዚህ ቀረ።

ችግኙ ከ4 እስከ 5 ሳምንት መደብ ላይ ይቆያል። ግንዱ የእርሳስ ያህል ሲወፍር አመሻሽ ላይ ይተከላል። ከተክል ተክል 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከመስመር መስመር 80 ሳንቲ ሜትር አራርቁ። ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ አፈር የነካው ግንድ ሥር ያወጣል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ አስቀድማችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ተክሉ ከፍ ሲል ከጣሪያው ማገር ላይ ሲባጎ አውርዱና ግንዱን ጠምጥሙበት። ረጅም የሚያድገው ዓይነት ከሆነ በቅጠልና በግንድ መገናኛ ላይ የሚወጣውን ጎን ቀንበጥ ትንሽ ሳለ በጣት ቀንጥሱት። ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቀረውን ዓይነት ግን አትቀንጥሱት፤ ፍሬውን ነው የምትቀነሱት። ወደ መሬት የተጠጋውን ቅጠል አንሡ።

አበባው ለምን ረገፈ? ከሙቀቱ ሌላ አንድ ምክንያት ነበረው። የቲማቲም አበባ ወንዱም ሴቱም በአንድ አበባ ውስጥ ነው። ፍሬ እንዲቋጥር የወንዱ ዱቄት መራገፍ አለበት። ሜዳ ላይ ነፋሱ እያወዛወዘ ያራግፈዋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ነፋስ ከየት ይምጣ? አሁን ጎኑ ክፍት ቢሆንም ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ልጆቹ ሲባጎውን በቀጭን እንጨት መታ መታ ያደርጉታል። ደስ የሚላቸው ሥራ ነው። የሚነዘረውን ሲባጎ ክራር ይሉታል።

ሌላው የሚያስቀው ነገር ውሃ ነው። ሰማይ ተቀዶ እየዘነበ እኛ ቲማቲም እናጠጣለን! ጎረቤት ሳቀብን። ግን ጣሪያ ያለው ተክል ዝናብ አያገኝም። ውሃውን የምናገኘው ከዚያው ጣሪያ ነው። ከጠርዙ በታች አሸንዳ አድርገን በርሜል አስቀመጥን። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። ቤታችን 6 በ4፣ 24 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 480 ሊትር ነው። ይህ ሁለት በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። በርሜሉን ክደኑት፤ ትንኝ እንዳይፈላበት፣ ልጅም እንዳይገባበት። ውሃውን በጧት ሥሩ ላይ ብቻ አፍስሱ። ቅጠሉን አታርጥቡ። አንድ ቀን አጥለቅልቃችሁ ለሳምንት አትተዉት፤ ውሃ ሲዛባበት የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። ይህ ከተክል ወደ ተክል የሚጋባ በሽታ አይደለም፤ ውሃውን ስታስተካክሉ አዲሱ ፍሬ ደህና ይሆናል። ሥሩን በደረቅ ሣር ማልበስ ይረዳል።

ጣሪያው ሁሉን አይከላከልም። ቱታ የሚባል የቲማቲም ትል አለ። ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ትሉ በቅጠሉ ውስጥ እየሄደ ይበላዋል፤ ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ስስ ነገር ይታያል። ፍሬውንም ይበሳል። እንዲያ ያለ ቅጠልና ፍሬ ስታዩ ለቅማችሁ በጥልቅ ቅበሩት፤ አጥር ሥር አትጣሉት። መድኃኒት የምትረጩ ከሆነ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የግብርና ሠራተኛውን ጠይቁ። ሳትጠይቁ አትርጩ።

ቲማቲም በተነሣበት አፈር ላይ በተከታዩ ዓመት ቲማቲም፣ ድንች ወይም በርበሬ አትመልሱበት። ሽንኩርት ወይም ካሮት ይሻላል። እኛ በበጋ ላስቲኩን አውርደን፣ አጥበንና አጣጥፈን ፀሐይ የማያገኘው ቦታ እናስቀምጠዋለን።

የመጀመሪያውን ቲማቲም የለቀምነው መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ለመስቀል ገበያ ደረስን። ሁለት ጎን ላይ ያሉት ጥቂት ተክሎች ዝናብ ነክቷቸው ታመሙ፤ ነቅለን ቀበርናቸው። የቀረው ቆመ። ከየቤታችን ወጥ ተርፎ 5 ሳጥን ሸጥን።

ገንዘቡ ሲከፈል እናታችን ድርሻቸውን ቆጥረው ተቀበሉ። ደብተሩ ላይም ስማቸውን ራሳቸው ጽፈው ፈረሙ። በማግሥቱ ገበያ ወጥተው ሁለት ቄብ ዶሮ ገዙ። መንገድ ላይ ባገኙን ቁጥር፣ «አንዷ ትቀራችኋለች» ይሉናል።