የአናሬስ ግንብና የሶዶ አንባቢ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለታዳጊ ሀገር አንባቢ አይበጅም የሚለው ፍርድ ዛሬም በባህል ጽሕፈት ቤቶችና በመምህራን ማረፊያ ክፍሎች በሙሉ ልብ ሲነገር ይሰማል። ክሱ የታወቀ ነው። በሌላ ፕላኔት ላይ የሚደረስ ድርሰት የኅብረተሰቡን ተጨባጭ ሁኔታ አያንጸባርቅም፤ የጠገበ ዓለም መዝናኛ ነው፤ የመጠጥ ውኃና የመማሪያ መጽሐፍ በሚጠበቅበት ወረዳ ስለ ጨረቃ ነዋሪዎች ማንበብ ከኃላፊነት መሸሽ ነው ይባላል። ይህ ፍርድ የትም ቢነገር ስሕተት ነው። በዳሞታ ተራራ ሥር፣ በወላይታ ሶዶ ሲነገር ደግሞ ከከተማዪቱ ታሪክ ጋር ይጋጫል።

ለማስረጃ አንድ መጽሐፍ ይበቃል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ጉዊን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ዲስፖዜስድ»፣ በአማርኛ «ንብረት አልባዎቹ» ሊባል ይችላል። የታተመበት ዓመት በኢትዮጵያ የዘውዱ ሥርዓት የወደቀበት ዓመት ነው፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ የታወጀው ብዙም ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ በአንድ ወገን ያለ ሕዝብ ንብረትን በአዋጅ ሲሽር፣ በሌላ ወገን ያለች ደራሲ ንብረትን የሻረ ኅብረተሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ምን እንደሚመስል ትጠይቅ ነበር። ከዚህ የበለጠ ተጨባጭ ጥያቄ ከየት ይመጣል?

በልብ ወለዱ ውስጥ ኡራስ የምትባል ባለጸጋ ፕላኔትና አናሬስ የምትባል ደረቅ ጨረቃዋ አሉ። ኦዶ የተባለች ሴት አሳቢ ተከታዮች ኡራስን ትተው ወደ አናሬስ ተሰደዱ፤ በዚያም ያለ መንግሥት፣ ያለ ሕግና ያለ ገንዘብ ይኖራሉ። የደራሲዋ ምናብ የሚደነቀው መንኰራኩሩን በመፈልሰፉ አይደለም። አፈሩን፣ እህሉን፣ የሥራ ድልድሉን፣ የልጆችን ማደሪያ፣ የስም አወጣጡን ሁሉ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዛ በመሥራቷ ነው። በየብሷ ላይ እንስሳ በሌለባት በዚያች ጨረቃ ሕዝቡ ሆለም የሚባል ተክል የሙጥኝ ብሎ ይኖራል፤ ጨርቁም ወረቀቱም ከእርሱ ነው። ከአንድ እንሰት ቆጮውንም ቃጫውንም መጠቅለያውንም ሲያገኝ የኖረ የወላይታ አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

ዋናው ሰው ሸቬክ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ንብረት በሌለበት ሀገር ሳቡል የሚባል አንጋፋ ምሁር የሸቬክን ሥራ የሚያሳትመው የራሱን ስም ካከለበት ብቻ ነው። መሬትና ቤት የጋራ ሆነው ሳለ ዕውቀት የግል ርስት ሆኗል ማለት ነው። አለቃ የለም ይባላል፤ ነገር ግን የጎረቤት አስተያየትና የኮሚቴ ፈቃድ አለቃ ሆነዋል። ይህን ገጽ አንብቦ የሚያውቀው ሰው ትዝ የማይለው ካድሬ ወይም መምህር ካለ ዕድለኛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሶዶን አንባቢ የሚነካው የቋንቋው ነገር ነው። የአናሬስ ሰዎች የሚናገሩት ፕራቪክ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ ባለቤትነትን የሚያመለክቱ ቃላት በንግግር ውስጥ እንዲደበዝዙ ተደርጎ ተቀምሯል። ሕፃኑ ሸቬክ በመስኮት የገባውን የፀሐይ ብርሃን የራሱ አድርጎ ሲናገር ሞግዚቷ ትገሥጸዋለች። ይህን እንደ ቅዠት የሚያይ ሰው በ1992 ዓ.ም. በወላይታ የሆነውን ረስቷል። በዚያ ዓመት ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ተቀናብሮ «ወጋጎዳ» የሚል ስም የወጣለት ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ወደ ትምህርት ቤቶች ወረደ። መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ የከተማው ሕዝብ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በመጨረሻም መጽሐፎቹ ተነሡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ታዲያ የፈጠራ ቋንቋ ለሶዶ ሰው የሩቅ ፕላኔት ወሬ ነውን? ፕራቪክን የተቀበሉት ወደው የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ፤ ወጋጎዳ ከቢሮ ተቀምሮ ላልጠየቀ ሕዝብ የተላከ ነበር። ልዩነቱን አውጥቶ ለማየት ልብ ወለዱ ከብዙ ሪፖርት ይልቅ ይረዳል፤ ምክንያቱም በፈቃድ የተያዘው ቋንቋ እንኳ ከትውልድ በኋላ እንዴት የሐሳብ አጥር እንደሚሆን ያሳያል።

አናሬስን ድርቅ ሲመታት ሸቬክ ማን ምን ያህል ቀለብ እንደሚያገኝ ዝርዝር የማውጣት ሥራ ይመደባል። ይህን ሥራ ትቶ ይሄዳል። ትክክል ነው ወይስ ሌላው ሰው ዝርዝሩን እንዲያወጣ ጥሎ መሸሹ ነው? ደራሲዋ አትፈርድም። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ በወላይታ ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ሰው ምዕራፉን በቸልታ አያልፈውም።

ምናባዊ ዓለም ባዕድ ልማድ ነው የሚለው ክስ ብዙ ቦታ አይገባውም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ዘመኑና ሀገሩ በውል አልተለየም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ለመወለድ እምቢ ያለ ጽንስ አናገረ፤ ታገደም። ከእውነታ የሸሸ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር!

በዚህ የድርሰት ዘርፍ ገለባው ብዙ መሆኑ አይካድም። ለ ጉዊንም እንከን አላት፤ ሸቬክ በኡራስ ሰክሮ በአንዲት ሴት ላይ የሚፈጽመውን ነውር ታሳይና ተገቢውን ክብደት ሳትሰጠው ታልፋለች። ውይይት ቢደረግ ከዚህ መጀመር ይገባል።

የሚጎድለው ትርጉሙን በትጋት የሚይዝ እጅ ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። የአናሬስ ሰው «እጄ» አይልም፤ አማርኛ ደግሞ «እጁ» ሲል ያ የታወቀ እጅና የእርሱ እጅ በአንድ ቃል ይደባለቃሉ፤ ባለቤትነት ከስሙ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። በወላይትኛ ግን «የእኔ» የሚለው «ታ» ከስሙ ቀድሞ ለብቻው ስለሚቆም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ በሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ቢሞከር አንዱ የሌላውን ችግር ያሳያል። ሁለቱን ቋንቋዎች አጣምሮ የያዘ መምህር በሶዶ ሞልቷል፤ ሙከራውም መጽሐፉ ከሚከፈትበት ከግንቡ ገለጻ ሊጀመር ይችላል።