«ቀኑ ደርሶ ነው» አትበሉን

በአገራችን አንድ የቀን ሠራተኛ ከፎቅ ሲወድቅ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ለቅሶና «ቀኑ ደርሶ ነው»። ለቅሶው ይገባናል። ሁለተኛው ግን አይገባንም። ቀን ሚስማር አይመታም፤ ቀን አጣና አይመርጥም፤ ቀን የሊፍት ጉድጓድ ክፍት ትቶ ምሳ አይሄድም። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቅም ሰው ይኑር እንላለን።

እስቲ አዳማን ዞር ዞር ብላችሁ እዩዋት። አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ አንዲት ጣውላ ላይ ቆሞ ብሎኬት ይቀበላል። መደገፊያ የለም፤ ቀበቶ የለም። ሄልሜቷ ያለችው ታች ጥላ ውስጥ የቆመው አለቃ ጭንቅላት ላይ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ነፋሱ ነው። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም። አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ ተለክቶና ተጠንቶ ነው። ለመብራት የለካነውን ነፋስ ርብራብ ላይ ለቆመው ልጅ ሲሆን ረሳነው። ነፋሱ ሲበረታ «ውረዱ!» የሚል ፎርማን ስንት ነው?

አፈሩም ያው ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን መሬት ብዙ ቦታ ላይ ልል የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ለመሠረት ሲቆፈር የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይናዳል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ቆፋሪው ራሱ ይነግራችኋል። የጠፋው የሚጠይቀው ነው።

ርብራብ ሲፈርስ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ ባለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ለበዓል ከመጡት ምእመናን ቢያንስ 36 ሞቱ። አገር አለቀሰ። ከለቅሶው በኋላ ግን እናንተ ሰፈር ያለው ርብራብ ስንት ሰው እንደሚሸከም የጠየቀ አለ?

«ሕግ የለም» እንዳትሉን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሠራተኛው በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ግን ስሙ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ የቀን ሠራተኛ ማንን ይክሰስ? ሥራ ተቋራጩ ለንዑሱ፣ ንዑሱ ለአናጢው፣ አናጢው ለልጁ ይሰጣል። ልጁ ሲወድቅ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» የማይል የለም።

ተቋራጮቹ አንድ እውነት አላቸው፤ «የደህንነት ወጪ ዋጋዬ ውስጥ ካስገባሁ ጨረታውን እሸነፋለሁ» ይላሉ። ልክ ናቸው። መፍትሔው ግን ወጪውን መተው ሳይሆን ከፉክክሩ ማውጣት ነው። አሠሪው ለደህንነት የቁርጥ ገንዘብ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ያስቀምጥ፤ ሁሉም ተጫራች እኩል ይያዘው፤ ያልሠራበት አይከፈለው። ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት አጣናውን፣ ጣውላውን፣ ክፍት ጉድጓዱን፣ የቁፋሮውን ጠርዝና ነፋሱን አይቶ ይፈርም። የሠራተኛው ሁሉ ስም ይመዝገብ። ማዘጋጃ ቤቱም ይህን ሳያይ ሶሌታ አያስሞላ። ለእብነ በረድና ለመስታወት ገንዘብ ያልጠፋበት ሕንፃ ለመደገፊያ እንጨት ይጠፋበታል ብለን አናምንም።

አንባቢዎቻችን፣ ከመካከላችሁ የሳይት መሐንዲስ የሆናችሁ አላችሁ። ነገ ከመፈረማችሁ በፊት ርብራቡ ላይ ራሳችሁ ውጡ። እግራችሁ ከተንቀጠቀጠ ልጁንም አታውጡት።