የቤተ ሰብ ዓምድ፤ የታመመ የባሕር ዓሣን መርምሮ ስለ ማወቅ

ሰው በታመመ ጊዜ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያደርገው መጠየቅ ነው። የት ያምሃል፤ ከመቼ ጀምሮ ነው፤ ምን በልተህ ነበር ይለዋል። ፈረስና በሬም ምንም እንኳ የማይናገሩ ቢሆኑ፣ አካላቸውን በእጅ ዳስሶ ትኩሳታቸውንም ለክቶ ሕመማቸውን መገመት ይቻላል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖር የባሕር ዓሣ ግን አይናገርም፤ ከውሃውም ሳያወጡት አይዳሰስም። ስለዚህ ለእርሱ የመጀመሪያው የሕክምና መሣሪያ የጌታው ዓይን ነው። ዓይኑም ሊያስተውል የሚገባውን ያልተማረ እንደ ሆነ፣ ለማዳን የተገዛው መድኃኒት ራሱ መርዝ ሆኖ የቀሩትን የገንዳውን ነዋሪዎች ሊፈጃቸው ይችላል። በዛሬው ዓምዳችን በቤታቸው የጨው ውሃ ገንዳ ያላቸው ጌቶችና እመቤቶች፣ ዓሣቸውን ታሞ ባገኙት ጊዜ በምን ሥርዓት ሊመረምሩት እንደሚገባ እንገልጻለን።

የባሕርን ፍጥረት በመስታወት ውስጥ አኑሮ መመልከት አዲስ ነገር አይደለም። የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር በሬጀንትስ ፓርክ የዓሣ ቤት ሠርቶ ለሕዝብ የከፈተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን ሰፊውን ባሕርና ጠባቡን ገንዳ አንድ አድርጎ ማሰብ አይገባም። በባሕር ውስጥ የበሽታ ዘር ከአንድ ዓሣ ላይ ወርዶ ሲበተን፣ ብዙው ሌላ ዓሣ ሳያገኝ በውሃው ስፋት ጠፍቶ ይቀራል። በጥቂት መቶ ሊትር ውሃ ውስጥ ግን የተበተነው ሁሉ እዚያው የነበረውን ዓሣ መልሶ ያገኘዋል። በባሕር ቀላል የነበረው ደዌ በቤት ውስጥ ቀሳፊ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ የምርመራው መጀመሪያ ዓሣውን ሳይሆን ውሃውን መመርመር ነው። አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «የታመመው አንዱ ነውን ወይስ ሁሉም ናቸው?» የሚል ይሁን። በገንዳው ያሉት ዓሦች ሁሉ በአንድ ቀን በድንገት ቢደክሙ፣ ይልቁንም ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ኮራልም አብረው ቢጎዱ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የውሃው ነው። ሕመሙ ዓሦቹን ብቻ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው በየቀኑ እየተላለፈ ቢሄድ ግን ተላላፊ በሽታ እንደ ገባ መጠርጠር ይገባል። አንዱ ዓሣ ብቻ ክንፉ ተቀዶ ወይም ጎኑ ቆስሎ ሌሎቹ ደኅና ቢሆኑ ደግሞ፣ ጉልበተኛ ጎረቤት ነክሶት እንደ ሆነ መብራቱን አጥፍቶ ከሩቅ ሆኖ መመልከት ነው።

የውሃው ልክ ይህ ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ ጨውነቱ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል፤ ፒ ኤች የሚባለው መለኪያም ከ8.1 እስከ 8.4 ሊሆን ይገባዋል። አሞኒያና ናይትራይት የተባሉት ከዓሣው እዳሪና ከምግብ ትርፍ የሚመጡ መርዞች በመለኪያው ላይ ፈጽሞ ሊታዩ አይገባም። እነዚህን መርዞች የሚያጠፉት በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ደቂቅ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም በአዲስ ገንዳ ውስጥ ለመብዛት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገንዳው አዲስ ከሆነ ከማናቸውም በሽታ አስቀድሞ አሞኒያን መጠርጠር ይሻላል። ደግሞም ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንምና፣ የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ አገልጋይ ሳያውቅ ጨውነቱን ያበዛዋል፤ መሞላት ያለበት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። በቤቱ ውስጥ የዝንብ ወይም የትንኝ መግደያ ተነፍቶ እንደ ሆነም አገልጋዮቹን መጠየቅ ይገባል፤ ይህ መድኃኒት ለሰው ቀላል ቢመስል ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነውና።

ውሃው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ወደ ዓሣው እንመለስ። በመጀመሪያ የሚታየው አተነፋፈሱ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በራሱ በሁለቱ ጎን ባለው ስንጥብ ነው፤ የስንጥቡም ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ከውጭ ይታያል። ብልህ የሆነ የገንዳ ጌታ ዓሣው ጤነኛ ሳለ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ሰዓት ይዞ ይቆጥርና በደብተሩ ይጽፈዋል፤ በታመመም ጊዜ ሁለቱን ቍጥር ያስተያያል። ሁለተኛው ምግብ መውደዱ ነው። ሦስተኛው ጠባዩ ነው፤ ይኸውም ከድንጋይ ጋር መታከክ፣ ብርሃን መሸሽ፣ ከፓምፑ ኃይለኛ ፈሳሽ ፊት ቆሞ መቅረት ነው። አራተኛው ቆዳው ነው፤ ይህም በማታ መብራት ጠፍቶ የእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራበት ከቀን ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

አሁን አንዱን በሽታ ከሌላው የሚለዩትን ምልክቶች እንናገር።

1ኛ፤ የነጭ ነጥብ በሽታ። በቆዳውና በክንፉ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህሉ እየራቁ የተቀመጡ ነጭ ነጥቦች ይታያሉ። ያመጣው ክሪፕቶካሪዮን ኢሪታንስ የሚባል ደቂቅ ጥገኛ ፍጥረት ነው፤ ይህንም ስም ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ነው። ዓሣው ይታከካል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አይተውም።

2ኛ፤ የከፋይ በሽታ። ነጥቦቹ እጅግ የደቀቁ ሆነው ወርቅማ ትቢያ ወይም ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስሉታልና እንግሊዞች ይህን ስም ሰጡት። የሚያመጣው አሚሉዲኒየም የሚባል ጥገኛ ነው፤ ብራውን የተባለ ተመራማሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ስለ እርሱ ጽፎ አሳውቋል። ይህ በሽታ አስቀድሞ ስንጥቡን ይይዛልና፣ በቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ዓሣውን በጥቂት ቀን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ፈጥኖ የሚተነፍስ፣ ምግብ የተወ፣ ብርሃን የሚሸሽ ዓሣ ቆዳው ንጹሕ ነው ተብሎ ቸል ሊባል አይገባውም።

3ኛ፤ የልጋግ በሽታ። ይህ ይልቁንም ክላውንፊሽ የሚባለውን ነጭ መታጠቂያ ያለውን ብርቱካናማ ዓሣ ያጠቃል። ነጥብ አይታይም፤ ቆዳው ግን ነጭ ልጋግ ያወጣና እየተላጠ ይሄዳል። የጥገኛው ስም ብሩክሊኔላ ነው። ይህም ፈጥኖ የሚገድል ነው።

4ኛ፤ የትል በሽታ። ዓይኑ ይደፈርሳል፤ ዓሣውም ይታከካል። ጥገኛ ትሎቹ ብርሃን የሚያሳልፉ ስለ ሆኑ በሕይወት ሳሉ በዓይን ማየት ያስቸግራል። ሆኖም ሙቀቱና ፒ ኤቹ ከገንዳው ጋር በተስተካከለ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ዓሣውን 5 ደቂቃ ያህል ቢያቆዩት፣ ትሎቹ ነጥተው ከባልዲው ግርጌ ሲወድቁ ይታያሉ። ይህ መታጠብ ማስታገሻም ምርመራም ነው። ዓሣው ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ቢወድቅ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጨው ውሃው መመለስ ነው።

5ኛ፤ ሊምፎሲስቲስ። በክንፉ ጠርዝ ላይ እንደ ኪንታሮት ወይም እንደ አበባ ጎመን ያለ እብጠት ይወጣል። ብዙ ሰው ከነጭ ነጥብ ጋር ያሳስተዋል፤ ነገር ግን ይህ እብጠት ለሳምንታት ከቦታው አይለቅም፣ ዓሣውም ይበላል ይዋኛልም። በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ ቀጥተኛ መድኃኒት የለውም፤ መልካም ምግብና ጸጥታ ያገኘ ዓሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይድናል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። የነጭ ነጥብ በሽታ ከታየ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነጥቦቹ በራሳቸው ይጠፋሉ። የቤቱ ጌታም ዓሣው ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል፤ የጨመረው ነጭ ሽንኵርትም ይሁን ሌላ ነገር እርሱ ፈወሰው ብሎ ለወዳጁ ይመሰክራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጥገኛው ጠግቦ ከዓሣው ወርዷል እንጂ አልሞተም። በአሸዋና በድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሽፋን ያበጃል፤ በሽፋኑም ውስጥ ተከፋፍሎ በመቶዎች ይሆናል፤ ከዚያም ልጆቹ ወጥተው ዓሣውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሁለተኛው መምጣት ከመጀመሪያው የበረታ ነው። የነጥቡ መጥፋት የጦር ሠራዊት ለጊዜው ወደ ሰፈሩ መመለስ እንጂ የጦርነት ማብቂያ አይደለም።

ሕመሙ በታወቀ ጊዜ መድኃኒቱ በዋናው ገንዳ ውስጥ አይጨመር። ዓሦቹ ሁሉ፣ ጤነኛ የሚመስሉትም ጭምር፣ አሸዋና ድንጋይ ወደሌለበት ወደ ሌላ ገንዳ ይወሰዱ። ለነጭ ነጥብና ለከፋይ በሽታ የተፈተነው መድኃኒት መዳብ ነው፤ ልኩም በአንድ ሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ነጻ መዳብ ሆኖ በየቀኑ እየተለካ ቢያንስ 3 ሳምንት ይቆያል። ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ የሚሸጠው መዳብ ልኩ ሌላ ነውና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከተል ይገባል። መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል፤ በድንጋይና በአሸዋ ውስጥም ሰርጎ ይቀራል። ለልጋግ በሽታ የሚሰጠው ፎርማሊን ለሰውም አደገኛ ስለ ሆነ ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር አይነካ። ዋናው ገንዳም ያለ ዓሣ ይቆይ፤ የነጭ ነጥብ ጥገኛ በሽፋኑ ውስጥ ሆኖ እስከ 72 ቀን ሊዘገይ እንደሚችል ስለ ታየ፣ ጥንቃቄ የሚወዱ ሰዎች 76 ቀን ይጠብቃሉ።

ምልክቱ ተደባልቆ መለየት ቢያቅት ከቆዳውና ከስንጥቡ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። ለዚህም በሕይወት ያለ ወይም አሁን የሞተ ዓሣ ያስፈልጋል፤ ዓሣው ሞቶ ከቆየ ጥገኞቹ ጥለውት ስለሚሄዱ መርማሪው ባዶ ቤት ያገኛል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚቀርበት መንገድም አለ። አዲስ የተገዛ ዓሣ ሁሉ፣ ምንም ያማረና ብርቱ ቢመስል፣ ከሌሎቹ ሳይቀላቀል 4 ሳምንት ያህል ለብቻው ይቀመጥና በየቀኑ ይታይ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሸክሙን በደጅ አራግፎ እንዲገባ ማድረግ ንፉግነት አይደለም፤ በቤት ላሉት ማሰብ ነው። ዓሣውን ከባሕሩ አውጥቶ ወደ መስታወቱ ያመጣው ሰው ነው። ከሕመሙ ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ ውሃ ስለሌለው፣ በየማለዳው ምግብ ሲሰጡ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ አተነፋፈሱን መመልከት ለገንዳው ጌታ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው።