ሰብሳቢውን የሚቀልብ ግብር

እናቴ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት አላት። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ተመኑን ሲያሻሽል ቤቷ «ብሎኬት» ተብሎ ተመዝግቦ መጣ። ወረዳ ሄድን፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል። በማግስቱ ሄድን፤ ሲስተም የለም። በሦስተኛው ቀን ፋይሏ ጠፋ። በመጨረሻ ሁለት ወጣቶች ሜትር ይዘው መጡ። አንደኛው ግድግዳውን በቁልፉ ጫር አደረገው፤ ጭቃው ከነጭዱ ረገፈ። «አዎ፣ ጭቃ ነው» ብሎ ጻፈ። ለዚህች አንድ ቃል የሁለቱ ልጆች ቀን ሄደ፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቀን ሄደ፤ ማስተካከያውን የፈረመው ኃላፊ ጊዜ ሄደ። እኔም አራት ቀን ከሥራ ቀረሁ። እናቴ የከፈለችው የዓመት ግብር የዚህን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም።

አሁን ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ወጥቷል። ግብር አይከፈል የምል ሰው አይደለሁም። መንገዱም፣ ቦዩም፣ የቆሻሻ መኪናውም ገንዘብ ይፈልጋል። እስካሁን ስንገለገልበት የኖርነው የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 መንግሥት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በወረሰ ማግስት የወጣ ነው፤ ዕድሜው እንዳለፈ አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስንት ብር እንደሚገባ ሲወራ ጆሯችን እስኪደነቁር ሰማን፤ ያንን ለማስገባት ስንት ብር እንደሚወጣ ግን የነገረን የለም!

በንብረት ዋጋ ላይ የሚጣል ግብር ገማች ይፈልጋል። ገበያው በተለወጠ ቁጥር ግምቱ ይከለሳል። ማስታወቂያ ይታደላል፣ ክፍያው ከባንክ ጋር ይመሳከራል፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ያልረካው ይግባኝ ይላል። ክልሎች ዝርዝሩን በየራሳቸው ሕግ ያወጣሉ፤ ሜትር ይዞ የሚዞረው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በትንሽ ከተማ ያለው መሐንዲስ የግንባታ ፈቃዱም፣ የድንበር ጭቅጭቁም፣ የካርታውም ጉዳይ በሱ ጫንቃ ላይ ነው። እሱን ነው አሁን ከተማውን ሙሉ ገምት የሚሉት?

ቢገምትስ በማን ስም? የእናቴ ቤት ዛሬም በሟቹ አባቴ ስም ነው። ኮንዶሚኒየሙ ዕጣ በወጣለት ሰው ስም ተመዝግቦ በውክልና ሦስተኛ እጅ ደርሷል። ሰነድ አልባው ይዞታ አለ፣ የጨረቃ ቤቱ አለ። የይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ከወጣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን መዝገብ ማጥራት አላለቀልንም፤ ባልጠራው ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም እየጫንን ነው።

የመዝገብና የመሰብሰቢያ ወጪ ቀልድ እንዳልሆነ እንግሊዞችን መጠየቅ ነው። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የቤት ግብሩን አስቀርቶ በእያንዳንዱ አዋቂ ሰው ላይ ግብር ጣለ፤ በስኮትላንድ በ1989፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ1990 እ.ኤ.አ.። ቤት ባለበት ይቆማል፤ ሰው ግን ቤት ይቀይራል። ሰው በተዛወረ ቁጥር የየአካባቢው ምክር ቤት መዝገብ ሲከልስ፣ አልከፍልም ያለውንም ፍርድ ቤት ሲያመላልስ የመሰብሰቢያው ወጪ ከበፊቱ እጥፍ ገደማ ሆነ። በ1993 ሻሩት። እነሱን ያንገዳገዳቸው ሰዉ አልቆም ማለቱ ነበር። እኛ ዘንድ ቤቱ ቆሟል፤ ወረቀቱ ነው የሌለው።

ስለዚህ እጠይቃለሁ፤ ተለማምጬም አይደለም። እያንዳንዱ ከተማ አንድም ማስታወቂያ ከማደሉ በፊት ከመቶ ብር ስንቱ ለገማቹ፣ ስንቱ ለሲስተሙ፣ ስንቱ ለቅሬታው እንደሚሄድ ጽፎ ወረዳው በር ላይ ይለጥፍ። ከሚሰበስበው በላይ የሚያወጣ ከተማ ካለ መዝገቡ እስኪጠራ ይቆይ። የእናቶችን የጭቃ ቤት ለመገመት የሚወጣው ገንዘብ የሰፈራቸውን ቦይ ይጥረግበት።

እናቴ የግብር ደረሰኞቿን በሙሉ፣ አባቴ የከፈላቸውን ጭምር፣ በፌስታል ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ታኖራለች። ወረዳው ፋይሏን ያጣው ቀን ፌስታሉን ይዛ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አዲሱ ፋይል የተሞላው ከዚያ ፌስታል እየተገለበጠ ነው።