«ምን ያልተደረገላት ነገር አለ!»

ለቅሶ ቤት ልጆችን ከሚያጽናኑ ቃላት ሁሉ እንደ «ምን ያልተደረገላት ነገር አለ!» የሚያኮራቸው የለም። ሦስት ሆስፒታል ዞራለች፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታለች፣ ከአሜሪካ ዶላር ተልኮላታል። በመርሳት በሽታ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያሉ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ይህ ሙገሳ እያሠቃያቸው ነው። ኢንፌክሽን በያዛቸው ቁጥር የምንወስነው እነሱ የሚሰማቸውን አይተን ሳይሆን ለቀስተኛው የሚለውን ፈርተን ነውና።

በሽታው ሲገፋ የሚጠፋው ስምና ፊት ብቻ አይደለም፤ መዋጥም ይጠፋል። አጥሚቱም ውሃውም የገዛ ምራቋም በትንታ ወደ ሳንባ ይወርዳል። የሳንባ ምች ይነሣል፤ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወደ ደም ይገባል። አንቲባዮቲክ የዛሬውን ባክቴሪያ ሊገድል ይችላል፣ የጠፋውን መዋጥ ግን አይመልስም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል። በፈረንጆች 2009 የታተመ አንድ ጥናት ቦስተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያዎች የነበሩ 323 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ለ18 ወራት ተከታትሏል። ከግማሽ በላይ በዚያው ጊዜ ውስጥ ሞተዋል፤ የሳንባ ምች ከያዛቸው ደግሞ ግማሽ ያህሉ 6 ወር አልዘለቁም። ጥናቱ ያገኘው ሌላ ነገር ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል፦ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ ቤተሰባቸው የተረዳላቸው ሕሙማን በመጨረሻዎቹ 3 ወራት የሚያንገላታ ሕክምና የደረሰባቸው እጅግ ባነሰ መጠን ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ማን ይነግረናል? ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ «እየሞከርን ነው» ይላል። ዋሽንግተን ያለችው ልጅ በስልክ «ገንዘብ አታስቡ፣ የሚደረገው ሁሉ ይደረግ» ትላለች። ወራት ሙሉ ያስታመመው ወንድሟ «አሁንስ በቃት» ማለት ያምረዋል፤ «ገንዘብ ሳይቸግረን እናታችንን ገደላት» መባልን ግን ይፈራል። ዝም ብሎ ይፈርማል።

የተፈረመባት ሴት የት እንዳለች አታውቅም። የግሉኮሱን መርፌ ትነቅላለች፤ ነርሷ በበለዘው ክንድ ላይ ሌላ ደም ሥር ትፈልጋለች። በአፍንጫዋ የገባውን የምግብ ቱቦም ስትጎትት እጇ በጎዝ ከአልጋው ብረት ጋር ይታሰራል። ልጆቿን ባታውቅም መታሰሯን ታውቃለች፤ እስኪደክማት ትታገላለች። በዚህ ደረጃ በቱቦ መመገብ ዕድሜ እንደሚያረዝም ወይም ትንታን እንደሚያስቀር ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በፈረንጆች 2014 ባወጣው አቋም የመከረውም ቱቦውን ትቶ በእጅ፣ ቀስ ብሎ ማጉረስን ነው። በጉርሻ ያደግን ልጆች እናታችንን በቱቦ ልንመግብ እጇን ማሳሰራችን ያንገበግበኛል።

«እርጅና ነው» ተብላ ቤት ትቅር ማለቴ አይደለም። ይህም ሌላ ጥፋት ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ቢፈዝ፣ ቢቃዥ ወይም ምግብ እምቢ ቢል፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ኢንፌክሽን አለ። ገና እየሄደ፣ እየበላ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር እየሳቀ ያለ ሰው ቶሎ ሊታከም ይገባዋል፤ ሊድንም ይችላል። በመጨረሻው ደረጃም ቢሆን የሽንት ማቃጠሉን የሚያስታግስላት ከሆነ በቤቷ የሚሰጥ የሚዋጥ ወይም የሽሮፕ መድኃኒትን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። የምቃወመው «ይህ ለእሷ ምን ይፈይድላታል?» ተብሎ ሳይጠየቅ የሚጀመረውን ሕክምና ነው።

«ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው» የሚሉኝ አሉ። ንስሐ አባት ጠርቶ ማቁረብ፣ ጠበል መርጨት፣ ራስጌ ቁጭ ብሎ ቁርአን መቅራት መቼ ተስፋ መቁረጥ ሆኖ ያውቃል? አባቶቻችን ሞትን በዚህ ተቀብለዋል። ቤት መቆየትም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ትኩሳቱን ማብረድ፣ ከንፈሯን ማርጠብ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊትም ቀንም ማገላበጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ሐኪም ያዘዘውን ጥቂት ሞርፊን መስጠት አለ። ለዚህ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚላከው ዶላርም የሚያግዝ አስታማሚ ቢቀጠርበት ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የማስታገሻ እንክብካቤን ቤት ድረስ ሄዶ ሲሰጥ ዓመታት አስቆጥሯል። እንዲህ ያለው አገልግሎት ከፍላጎቱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ጤና ሚኒስቴርም ሆስፒታሎችም ሊያስፋፉት ይገባል።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ እዚህ ደረጃ ላይ ካሉ፣ ትኩሳቱ ሳይመጣ ለእህት ወንድሞቻችሁ ደውሉ። ሐኪሙንም «የሚሞከረው ሁሉ ይሞከር» ከማለታችሁ በፊት «እናትህ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ የተስማማችሁበትን ጻፉና ለሚያስታምመው ስጡት፤ በኋላ ማንም ጣቱን አይቀስርበት።